ማን ቆጠረው?

ሰማንያ ሁለት ናቸው፣ ወንበሩ ስልሳ ነው።
የሕግ፣ የታሪክ፣ የአካውንቲንግ፣ የቱሪዝም ልጆች፣
ሬጅስትራር «ግዴታ ነው» ብሎ ወደ እኔ የሰደዳቸው።
ኬሚስትሪን የሚያውቋት እንደ ክፉ ጎረቤት፣
ስምንተኛ ክፍል ተጣልተው ሰላም ሳይሉ ያለፏት።

በመጀመሪያው ቀን ፔሪዮዲክ ሠንጠረዡን ሰቀልኩ፤
መቶ አሥራ ስምንት ክፍል ያለው ቤት ያሳየኋቸው መስሎኝ፤
እነሱ ያዩት እስር ቤት ነበር፤ ከፊታቸው አነበብኩ።

«ሞል» አልኩ። ስድስት ነጥብ ዜሮ ሁለት፤
ከኋላው ዜሮ አስከተልኩ፣ ዜሮ አስከተልኩ፣
ሰሌዳው አለቀ፣ ጠመኔው ተሰበረ፣ አንማው እጁን አወጣ
(የሕግ ነው፤ ለጠዋት ክፍል እንኳ ከረባት አስሮ የሚመጣ)፦
«ይቅርታ መምህር፣ ማን ቆጠረው?
ምስክር አለ? ሰነድ አለ? ወይስ እንዲሁ በወሬ ነው?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤
ማታ ግን ቀበሌ አሥራ አራት፣ ቆርቆሮዬን እያየሁ አደርሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ
አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ተቀብዬው ኖሯል፣ በወሬ።

ማክሰኞ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ዓይኑን ጨፈነ።
ከዲኑ ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ፣
ከርከዴ፣ ሎሚ፣ ከጎረቤት የለመንኩትን አመድ ጠቅልዬ፣
«ተነሡ» አልኳቸው። ከፔዳ በር እስከ ሐይቁ
ገሚሶቹ ባጃጅ ላይ ተደራርበው፣ የቀሩት በእግራቸው ዘለቁ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጠን ከርከዴ ቀዳንበት።
በሎሚ ቀላ፣ እንደ ተሰደበ ሰው ጆሮ፤
በአመድ ውሃ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም ዝገት።
ሦስተኛው ላይ ጣናን ጨመርን፤ ቀይ አይሉት አረንጓዴ፣
ወይን ጠጅ ነገር፣ ግራጫ ነገር፣ ሐሳቡን ያልጨረሰ ከርከዴ።
«ታዲያ ጣና ከማን ወገን ነው?» አለች ስንዱ፣ የታሪኳ።
«ከመካከል» አልኩ፣ «ትንሽ ወደ አመዱ ዘንበል ያለ።»
ጻፈችው። ምን ብላ እንደ ጻፈችው እንጃ።

እርጥቡ አፈር ላይ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ደመርኩ፣
ውሃ ይሆናሉ ብዬ በእንጨት ቀስት ጫርኩ።
ይበልጣል፣ የአካውንቲንጉ፣ ቁጢጥ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ፤
«ይሄ አይዘጋም መምህር። ኦክስጅን ሁለት ወጣ፣ አንድ ገባ፤
አንዷን ማን በላት?» ብሎ ጠየቀ።
እዚህም እዚያም ሁለት ጻፈ፣ አፈሩን ከጣቱ አራገፈ፤
በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ኦዲት
ያለ ጉቦ አለፈ።

አንማውን ጠራሁት። «ጤፍ ነጋዴ ፍሬ ይቆጥራል?
ሚዛኑ ይቆጥርለታል እንጂ። እጅህን ዘርጋ።»
በሃይላንዱ ክዳን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀዳሁለት፤
አሥራ ስምንት ግራም፣ ቢበዛ ትንሽ፣ ቢያንስ ትንሽ፤
«ያ ሁሉ ዜሮ ይኸውልህ» አልኩት።
መዳፉን ወደ ፀሐይ አቀና፤
«ማስረጃው እየጠፋ ነው!» ብሎ ጮኸ፣
በጣቶቹ መሃል ሲያንጠባጥብ ጣና።

ባንቺአየሁ ግን አልሳቀችም። አባቷ ፎገራ ዳር መረብ ይጥላል።
«እምቦጭ የተኛበት ውሃ» አለች፣ «አባዬ ትንፋሽ ያጥረዋል ይላል፤
ዓሣው አፉን ከላይ አውጥቶ አየር ሲለምን አይቷል። እውነቱን ነው?»
በውሃ የሟሟ ኦክስጅን፣ ምዕራፍ አራት፣ ገጽ ሰባ ሁለት፤
ቃሉ ምላሴ ላይ ነው።
ዋጥኩት። «እውነቱን ነው» አልኩ። «እንደሱ ብለሽ ጻፊው።»

የማጠቃለያ ፈተና። ጥያቄ ሦስት፦ አንድ ሞል ውሃ ስንት ነው? አብራሩ።
ሰባው የሸመደዱትን ገለበጡ፤ ደግ፣ አልተቀየምኩ።
አንማው በንጹህ ጽሕፈት፣ እንደ ቃለ መሐላ፦
«አሥራ ስምንት ነው። አልቆጠርኩም፤ እጄ ላይ ሲቀዳ ግን አይቻለሁ።
ግማሹ አመለጠኝ። ስለ ቀረው እመሰክራለሁ።»

ከአምስት አራት ሰጠሁት።
«ግራም» የሚለውን ረስቶት።